«ማንሻውን የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

ይድረስ ለእትዬ፤

በኢሊኖይ ግዛት በአንድ የዕቃ ማጓጓዣ ባቡር ድርጅት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ፉርጎ መቀጠልና መለየት፣ ባቡሩ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው እንዲሻገር ማንሻ ማዞር ነው። ከአሥራ አራት ወር በፊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱን ማንሻ ስገፋው ግማሽ ድረስ መጣና ቀጥ አለ። እንደ ደንቡ ቢሆን ትቼው በሬዲዮ መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን ባቡሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። በአንድ እጄ ፋኖሴን እንደያዝሁ በሌላው እጄ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። ወገቤ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ አንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ ወደ ሥራ አልተመለስሁም።

ያ ማንሻ እንደሚይዝ ከአደጋው ሦስት ሳምንት በፊት ለአለቃዬ ነግሬው ነበር። «እሺ» አለኝ፤ በጽሑፍ ግን አልሰጠሁትም። ባለፈው ሳምንት ከድርጅቱ የካሳ ክፍል አንድ ትሑት ሰው ብርቱካን በቅርጫት ይዞ ቤቴ መጣ። «የግዛቱ የሠራተኞች ካሳ እናንተን አይመለከትም። ደንብ የጣስኸው ደግሞ አንተ ነህ። ድርጅቱ ግን ስለሚያዝንልህ 18,000 ዶላር ይሰጥሃል፤ እዚህ ላይ ፈርም» አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ «ይዋሻል፤ በአሜሪካ በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ማን አጠፋ ሳይባል ይከፈለዋል» ይላሉ። ባለቤቴ የቤት ኪራዩን እያሰበች ፈርም ትለኛለች፤ ካልፈረምህ ደግሞ ብርቱካኑን መልስ ትላለች። ማን ነው ልክ?

ፉርጎ ቀጣዩ፣ ከኢሊኖይ

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ። ይህን መልስ አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ ብዕር አታንሣ። ደብዳቤህን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው የገረመኝ፣ ቅርጫት ይዞ የመጣው ሰው አንድ እውነት መናገሩ፣ ወዳጆችህ ደግሞ በቅንነት መሳሳታቸው ነው። የባቡር ሠራተኛ የግዛት የሠራተኞች ካሳ አይመለከተውም፤ ይህ እውነት ነው። ሰውየው የዘለለው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሠራተኛው የተሻለ ነው።

በሌላ ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ እኅታችን ወይም መጋዘን ውስጥ ሣጥን የሚያነሣ ወንድማችን፣ ቢጎዳ የግዛቱ ሕግ ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም። ሕክምናውን ይከፍላል፤ ከደመወዙም ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይተካል። ለሕመሙና ለሥቃዩ፣ ልጁን አንሥቶ ማቀፍ ስላቃተው ግን ሰባራ ሳንቲም የለም። የባቡር ሠራተኛ ሌላ በር አለው። ያ በር በ1908 የወጣው የፌዴራል የአሠሪዎች ኃላፊነት ሕግ ነው፤ የሙያው ሰዎች በምሕፃረ ቃል «ፌላ» እንለዋለን። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ፣ ካልጠቀስሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በፌላ የድርጅቱን ቸልተኝነት ማስረዳት ግዴታህ ነው። ካስረዳህ ግን የምትጠይቀው በጣሪያ የተወሰነ ተመን አይደለም፤ የቀረብህን ደመወዝ፣ ወደፊት የምታጣውን፣ ሕመሙንም ጭምር ነው፤ መጠኑን የሚቆርጡትም የጁሪ አባላት፣ ማለትም ለፍርድ ከሕዝብ መካከል የተመረጡ ተራ ሰዎች ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ይህ በር ለምን ተከፈተ የሚለውን ልንገርህ፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከአንተው ዓይነት ማንሻ ነው። በ1837 በማሳቹሴትስ አንድ የሐዲድ መቀየሪያ ጠባቂ መቀየሪያውን አዛብቶ ተወው። ፋርዌል የሚባለው ነጂ ባቡሩን ይዞ ከሐዲድ ወጣ፤ ቀኝ እጁም ተጨፈለቀ። ደመወዙ በቀን 2 ዶላር ነበር። በ1842 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሌሙኤል ሾው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አደገኛ ሥራ የተሻለ ደመወዝ ያስገኛል፤ ደመወዙን ስትቀበል አደጋውንም አብረህ ተቀብለሃል፤ ያጠፋው ደግሞ ባልደረባህ እንጂ ኩባንያው አይደለም። ሾው ትልቅ የሕግ ሰው ነበሩ፤ ይህ ፍርዳቸው ግን ስንት ቤት እንዳፈረሰ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ለግማሽ ምዕተ ዓመትና ከዚያም በላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ሠራተኛው በጥቂቱም ቢሆን አጥፍቶ ከሆነ ምንም አያገኝም ነበር፤ አደጋውን እያወቀ ከሠራም ምንም አያገኝም ነበር።

በዚያ ዘመን ፉርጎ የሚቀጠለው ሰው በሁለት ፉርጎዎች መካከል ቆሞ፣ ሲጋጠሙ ቀለበት ውስጥ ብረት እያስገባ ነበር። የባቡር ሠራተኛ የሚታወቀው በጎደሉ ጣቶቹ ነው ይባል ነበር። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በ1889 ለኮንግረስ ባቀረቡት መልእክት፣ እስከ ሰኔ 1888 በነበረው አንድ ዓመት ብቻ ከ2,000 በላይ የባቡር ሠራተኞች በሥራ ላይ እንደሞቱና ከ20,000 በላይ እንደቆሰሉ ተናግረው ነበር፤ አደጋውንም በጦርነት ላይ ካለ ወታደር አደጋ ጋር አስተካከሉት። በ1893 ፉርጎዎች በራሳቸው እንዲያያዙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በ1906 የመጀመሪያው የካሳ ሕግ ወጣና በጥር 1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ሻረው፤ በግዛት ውስጥ ብቻ የሚሠሩትንም ስላጠቃለለ ነው። ኮንግረስ አልተኛም፤ ያው ዓመት ሳይጋመስ፣ ሚያዝያ 22 ቀን ቴዎዶር ሩዝቬልት ሁለተኛውን ፈረሙ፤ በ1912ም ፍርድ ቤቱ አጸናው። የአንተ ጉዳይ የሚዳኘው በዚህ ሕግ ነው። «አደጋውን እያወቅህ ገብተህበታል» የሚለው መከላከያ ደግሞ በ1939 ማሻሻያ ከነሥሩ ተነቅሏል፤ ያ ትሑት ሰው እንዲህ ቢልህ ይህን ዓመት ጥቀስለት።

አሁን ወደ ፍርዶቹ። የሕጉ ቃል ድርጅቱ የሚጠየቀው ጉዳቱ «በሙሉም ሆነ በከፊል» በቸልተኝነቱ ሲደርስ ነው ይላል። ያ «በከፊል» የሚለው ቃል ምን ያህል ትንሽ ሊሆን ይችላል? ጥያቄህን ሁሉ የሚሸከመው ይኸው ነው።

በ1951 በጋ በአርካንሳስ አንድ የሐዲድ ሠራተኛ በሐዲዱ ዳር የበቀለውን አረም በእጅ ችቦ እያቃጠለ ነበር። ባቡር ሲመጣ ማቃጠሉን አቁሞ የሚያልፉትን ፉርጎዎች ኩሽኔታ እንዲመለከት ታዝዟል፤ የጋለ ኩሽኔታ ካለ እንዲጠቁም ማለት ነው። (አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። ኩሽኔታ መጋሉን የሚያውቀው በእጁ ጀርባ ነበር፤ መዳፍ ይቃጠላል፤ የእጅ ጀርባ ግን ከመንካቱ በፊት ሙቀቱን ይሰማል ይለን ነበር። የዚህን ሰውዬ መዝገብ መጀመሪያ ሳነብ ያየሁት የአባቴን እጅ ነው።) ሠራተኛው ቆሞ ሲመለከት የባቡሩ ነፋስ እሳቱን አንቀሳቀሰና ወደ እሱ ነዳው። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ወደ ኋላ ሲሸሽ የውኃ ማሳለፊያው ላይ ባለው ልቅ ጠጠር ተንሸራቶ ወደቀና ክፉኛ ተጎዳ። የጁሪው አባላት ፈረዱለት። የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እሳቱን የለኮሰው ራሱ ነው፣ መጠንቀቅ የነበረበትም ራሱ ነው ብሎ ሻረበት።

ይህ ክርክር ከአንተ ጋር አይመሳሰልም? «ማንሻውን የገፋኸው አንተ ነህ» ማለት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ሽሩን ገለበጠው። ዳኛ ብሬናን የጻፉት መለኪያ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል፤ የአሠሪው ቸልተኝነት ለጉዳቱ ማናቸውንም ድርሻ፣ እጅግ ትንሹንም ቢሆን፣ ማበርከቱን ማስረጃው በአግባቡ የሚያሳይ ከሆነ ነገሩ ለጁሪ ይቀርባል። የሠራተኛውም ጥፋት አብሮ መኖሩ ክሱን አያፈርሰውም።

ኩባንያዎቹ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ለማጥበብ ሲታገሉ ቆዩ። «ትንሽ ድርሻ ማለት እኮ ማንኛውም ሩቅ ነገር አይደለም፤ ድርጅቱ የሚጠየቀው ጥፋቱ የጉዳቱ ቅርብና ቀጥተኛ ምክንያት ሲሆን ብቻ ነው» የሚል ነበር ክርክራቸው። ይህ እስከ ላይ የደረሰው ሲኤስኤክስ በተባለው ትልቅ የባቡር ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ ነው፤ ፍርዱ ሰኔ 23 ቀን 2011 ተነገረ። እኔ ለባቡር ሠራተኛ ሁሉ ቢነበብለት የምመኘው መዝገብ ይህ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2004 ነው። አንድ ልምድ ያለው ነጂ ከኤቫንስቪል፣ ኢንዲያና ተነሥቶ ማውንት ቨርነን፣ ኢሊኖይ የሚደርስ ባቡር ተሰጠው። በየከተማው እየቆመ ፉርጎ የሚያስገባና የሚያወጣ ጉዞ ነው። ባቡሩን የሚስቡት አምስት ሎኮሞቲቮች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ሰፋፊና ከባድ፣ ሦስቱ ግን መደበኛ ነበሩ። ነጂው አይቶ ተቃወመ። በእነዚህ ከባዶች ፉርጎ እየለዩ መሄድ የእጅ ፍሬኑን ያለማቋረጥ መጫን ይጠይቃልና አደገኛ ነው አለ። እንዳለ ይዘህ ሂድ ተባለ። ሄደ። አሥር ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ያንኑ ፍሬን ሲጠቀም እጁ ተጎዳ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ብዙ የአካል ማጎልመሻ ሕክምናም ወሰደ፤ እጁ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም።

ኩባንያው ዳኛው ለጁሪ «ቅርብ ምክንያት» የሚለውን መለኪያ እንዲያስረዱ ጠየቀ። ዳኛው እምቢ አሉ። ለጁሪው የተነገረው በግርድፉ እንዲህ ነው፦ የድርጅቱ ቸልተኝነት ጉዳቱን በማድረስ ረገድ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ድርሻ ከነበረው፣ ለጉዳቱ ምክንያት ሆኗል። ጁሪው ጉዳቱን 275,000 ዶላር ገመተና የነጂው የራሱ ጥፋት አንድ ሦስተኛ ነው ብሎ ሲሶውን ቀነሰ። ይህችን ሲሶ ልብ በልልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ አጸናው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጊንስበርግ ናቸው። አምስተኛውን ድምፅ የሰጡት ወግ አጥባቂው ዳኛ ክላረንስ ቶማስ መሆናቸው ዛሬም ያስፈግገኛል፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኙት እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ አልፎ አልፎ ነበር። ጊንስበርግ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ ሕጉ የራሱ የምክንያት መለኪያ አለው፣ እሱም «በከፊል» የሚለው ነው፤ ከሌላው የካሳ ሕግ የተወሰደ ማጥበቢያ አይጨመርበትም። ዋና ዳኛ ሮበርትስ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ተቃወሙ። ኮንግረስ በ1908 ሊያስቀር የፈለጋቸውን መከላከያዎች በስማቸው ጠርቶ አስቀርቷል፣ «ቅርብ ምክንያት»ን ግን አላስቀረም፤ ስለዚህ አለ ማለት ነው አሉ። ተራ ክርክር አይደለም፤ ተማሪ ሳለሁ ብሆን ምናልባት ያሳምነኝ ነበር። ነገር ግን ጊንስበርግ አንድ ተግባራዊ ነገር አነሡ። ይህ መለኪያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ኩባንያውና ደጋፊዎቹ ግን በእሱ ሰበብ የተሰጠ አንድም የማይረባ ፍርድ አላሳዩም።

አሁን ወደ አንተ ማንሻ እንመለስ።

ደንብ ጥሰሃል። አትካደው፤ ስትጠየቅም አትዋሽ። መግፋትህን አቁመህ በሬዲዮ መናገር ነበረብህ። ነገር ግን የ1908ቱ ሕግ የሚለው «ያጠፋ አያገኝም» ሳይሆን «እንዳጠፋው መጠን ይቀነስበታል» ነው። ያቺ ሲሶ ይህች ናት። ለሒሳብ ማሳያ ያህል ብቻ፣ ጉዳትህ 300,000 ዶላር ተገመተ እንበል፤ ጁሪውም ከመቶ አርባው የአንተ ጥፋት ነው አለ። የሚደርስህ 180,000 ነው። ይህን ያህል ታገኛለህ ማለቴ አይደለም፤ ያንተን ወገብ አላየሁትም። የቀረበልህ 18,000 ግን ጥፋቱ ሁሉ የአንተ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የጻፈው ቁጥር እንደሆነ እንድታይ ነው።

ከዚህም የበለጠ አለ። ድርጅቱ የፌዴራል የደኅንነት ሕግ ወይም ደንብ ጥሶ፣ ጥሰቱም ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ ከካሳህ በጥፋትህ ምክንያት አንዲትም ሳንቲም አይቀነስም። የሐዲድ ደኅንነት ደንቡ ደግሞ እያንዳንዱ መቀየሪያ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በእግር እየተሄደ እንዲመረመር ያዛል። ደንቡ የማይመለከታቸው ሐዲዶች አሉ፤ የአንተ ከእነዚያ መሆን አለመሆኑን ጠበቃህ ያጣራል። ካልሆነ ግን የምርመራ መዝገብ ሊኖር ይገባል። አደጋው በደረሰበት ወርና ከዚያ በፊት ባሉት ወሮች ማን መረመረው? ምን ጻፈ? ማንሻው ከአደጋው በኋላ ተጠገነ? ቅባት መች ተቀባ? በዚህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ ነገር የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለች አንዲት የወረቀት መስመር ላይ ነው።

ክፉውንም ልንገርህ፤ አስደሳቹን ብቻ ከነገርሁህ ከባለ ብርቱካኑ በምን ተሻልሁ? «እጅግ ትንሽ ድርሻ» የሚለው መለኪያ የሚሠራው ቸልተኝነት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በዚያው በነጂው ጉዳይም ለጁሪው አደጋ መድረሱ ብቻውን ቸልተኝነትን አያሳይም ተብሏል። ድርጅቱ ማንሻው እንደሚይዝ ያውቅ ነበር፣ ወይም ማወቅ ነበረበት ማለት አለብህ። ለዚህ የያዝኸው ለአለቃህ የነገርኸው ቃል ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አለቃህ «አልነገረኝም» ቢልስ? ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ፣ ማን አጠገብ እንደነበረ፣ የትኛው ፈረቃ፣ የት ቆማችሁ፣ ምን አልህ፣ ምን አለህ፣ ሁሉንም በአማርኛም ቢሆን ጻፈው፤ ቀን አስፍርበት። ማንሻው ያስቸገረው ሌላ ሠራተኛ ይኖራል፤ ብቻህን አልነበርህም። ስሙን ጻፍ። ደብዳቤህ ላይ እንደ ዋዛ ያለፍሃት ያቺ «እሺ» የምትለዋ ቃል ምናልባት የጉዳይህ ግማሽ ናት።

ፊርማውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሕጉ ባቡር ድርጅት ከኃላፊነት የሚያመልጥበትን ውል ሁሉ ዋጋ ቢስ ያደርጋል፤ ስለዚህ «ብፈርም ምን ቸገረኝ፣ ፍርድ ቤት ይሽረዋል» የሚል ወሬ ትሰማለህ። አትስማው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ከአደጋው በኋላ በስምምነት የተፈረመ የካሳ መጨረሻ ውል በዚያ ክልከላ ሥር እንደማይወድቅ ወስኗል። የፈረምኸው ብዙውን ጊዜ ፈርመኸዋል ማለት ነው።

ክስ ለማቅረብ ያለህ ጊዜ ከጉዳቱ አንሥቶ ሦስት ዓመት ነው፤ አሥራ አራት ወሩ ሄዷል። ክሱን በግዛት ፍርድ ቤት ካቀረብኸው ድርጅቱ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊያዛውረው አይችልም። ግዛቱን ግን እንደ ልብህ አትመርጥም፤ በ2017 በሞንታና ጉዳይ በተሰጠው ፍርድ መሠረት ጉዳቱ የደረሰበት ወይም ድርጅቱ እንደ ቤቱ የሚቆጠርበት ግዛት ነው ዋናው መንገድ። የአንተ አደጋ የደረሰው እዚያው ኢሊኖይ ከሆነ ሩቅ አትሂድ። የሠራተኛ ማኅበርህ በዚህ ሕግ የሚሠሩ ጠበቆች ዝርዝር ይኖረዋል፤ አብዛኞቹ የሚከፈላቸው ስታሸንፍ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከሩብ እስከ ሲሶ። ስለ መኪና አደጋ በሬዲዮ የሚያስተዋውቀው ጠበቃ ፌላን ላያውቅ ይችላል፤ ስንት የባቡር ጉዳይ እንደያዘ ጠይቀው፤ አይቀየምህም። ከባቡር ሠራተኞች ጡረታ ቦርድ የሕመም ክፍያ እየወሰድህ ከሆነም ለጠበቃህ ንገረው፤ ካሳ ስታገኝ ቦርዱ የከፈለውን መልሶ ይጠይቃል፣ ያን ቀን ደንግጠህ እንዳትወድቅ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። የቤት ኪራይ ስታስብ ያልተሳሳተች እሷ ብቻ ናት፤ ክስ ዓመት ሁለት ዓመት ይወስዳልና በዚያ ጊዜ ምን እንደምትበሉ አብራችሁ አስሉ። ብርቱካኑን ግን አትመልሱ። ብርቱካን መብላት ፊርማ አይደለም።

ከሚኒሶታ የጻፍሽልኝ እኅቴ፤ ባለቤትሽ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በሐዲድ ዳር ጠጠር ላይ ሲመላለስ ጉልበቱ እንዳለቀ፣ «አደጋ የደረሰበት ቀን ስለሌለ ሦስቱ ዓመት ከመቼ ይቆጠራል» ብለሻል። ለዚህ የ1949ን ፍርድ የሚያህል መልስ የለም። አንድ የእንፋሎት ባቡር እሳት አቀጣጣይ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቷል። ባቡሩ እንዳይንሸራተት ሐዲዱ ላይ የሚረጨው አሸዋ አቧራው ወደ ውስጥ እየገባ ሳንባውን በላው፤ በ1940 ሥራ አቆመ። ኩባንያው አቧራውን መሳብ የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነውና ጊዜው አልፏል አለ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ በየዕለቱ ሳያውቀው የሚስበው አቧራ በየዕለቱ ጊዜ አይቆጥርበትም፤ የሚቆጠረው በሽታው ራሱን ሲገልጥ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት ሰውየው ጉዳቱንና ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት መች ዐወቀ፣ ወይም መች ማወቅ ነበረበት የሚለውን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ይህ ከሥራህ የመጣ ነው» ያለበትን የመጀመሪያ ቀን ፈልጊ። ከዚያ በፊት ባለቤትሽ ራሱ ለአለቃው «ይህ ጠጠር ጉልበቴን ፈጀው» ብሎ ጽፎ ከሆነ ግን ቀኑ ወደዚያ ሊሸሽ ይችላልና የቆዩ ወረቀቶቹን ሳታዪ አትቀመጪ።

ከድሬዳዋ የጻፍህልኝ ወጣት፤ የአባቴን ከተማ ስላስታወስኸኝ አመሰግናለሁ። ይህ የአሜሪካ ሕግ እናንተ ዘንድ አይደርስም፤ አያስፈልጋችሁምም ልልህ እችላለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቀው ጥፋት ሳይኖርበትም ነው። ማን አጠፋ ብለህ አትከራከርም። ከዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚያው ይቆጠራሉ። ስለዚህ የደኅንነት መመሪያ ተብሎ አስፈርመውህ ከሆነ ቅጂውን ጠይቅና ቤትህ አስቀምጠው። ምን እንደሚል ካነበብህ በኋላ እንደገና ጻፍልኝ።